መልስ ሰጪው የማይጠራበት ስብሰባ

ውሃ ከሰፈራቸው ከጠፋ የሰነበተባቸው አንዲት እናት አቤት ሊሉ ከመጡበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ለሌላ ጉዳይ ወረፋ ይዤ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመሯቸው ቆይተው በመጨረሻ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ደረሱ። ወጣቱ ባለሙያ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለመውጣት እየተጣደፈ ነበር። «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ መቼ እንደሚለቀቅ ለእኔም አልነገሩኝም» አላቸውና ለልምድ ልውውጥ የመጡ እንግዶችን ፎቶ ሊያነሳ ሄደ። አልዋሸም፤ አላመናጨቃቸውምም። የከነከነኝም ይኸው ነው።

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ወጣቱ ለሚሠራበት ክፍል የሰጠው ሥራ ሌላ ነው። መረጃ ፈልጎ የመጣን ሰው የሚያስተናግደው፣ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ የሚሰጠው፣ ከከለከለም ምክንያቱን የሚገልጸው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ቢጠይቅ ጥያቄውን በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ አለበት። ቅር የተሰኘ ሰው ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲወጣ የቀድሞው አዋጅ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል ቢተካም፣ መረጃ የማግኘት መብቱ ክፍል ሳይነካ ቀርቷል።

በአንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት ያገለገለች የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ውሎዋን እንዲህ ነገረችኝ፦ «ጠዋት ባነር ማተሚያ ቤት ነኝ። የኃላፊው ስም ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ረፋዱ ላይ አዳራሽ ገብቼ ፎቶ አነሳለሁ። ከሰዓት ዜናውን ጽፌ እስኪፈቀድልኝ ደጅ እጠናለሁ። ማታ ልጆቼን እያበላሁ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ስንት ላይክ አገኘ ይሉኛል። ሰው ከሥር ምን ብሎ እንደጻፈ የጠየቀኝ አለቃ ግን አላየሁም።»

ሥልጠና አልጎደላትም። አዳማም ቢሾፍቱም በየጊዜው ትላካለች። «ዜና አጻጻፍ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ተምሬያለሁ፤ ሁሉም ይጠቅመኛል። ‹ይህን ነገር ለሕዝብ መንገር አለብን› ብዬ አለቃዬን እንዴት እንደምሞግት ግን ማንም አላሠለጠነኝም። ቢያሠለጥኑኝስ የት ሆኜ ልሞግት? ማኔጅመንት ላይ አልቀመጥ! የተወሰነውን የምሰማው ጋዜጠኛ ደውሎ ሲጠይቀኝ ነው።»

ይህንኑ ይዤ ወደ አንድ ተቋም ኃላፊ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ ቀጥሎ በደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤው ከገባ በኋላ ጉዳዩን የበላይ አካል ካላየው መናገር እንደማይችሉ በጸሐፊያቸው በኩል አስነገሩኝ። ስለ ሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የቀረበ ጥያቄ ነበር።

የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ የማድረሱ ሥራ በእኛ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትሩ አንዱ ነበር። በኋላ የመጣው የማስታወቂያ ሚኒስቴር በደርግ ዘመን «ብሔራዊ መመሪያ» ተጨመረለት። በ2001 በመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ተተካ፤ ይህም በ2011 ቀረና በ2014 የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ተቋቋመ።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሰው እጅግ ይማርከኛል፤ ሀብተሥላሴ ታፈሰ። በ1950ዎቹ የአገሪቱን የቱሪዝም ድርጅት ከምንም ተነስተው አቋቋሙ። «የ13 ወር ጸጋ» የተባለው መጠሪያ የእሳቸው ነው፤ በ2008 «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አገለገለ። ለፖስተሮቹ ካሜራ ይዘው ራሳቸው ፎቶ ያነሱ ነበር። ሀብተሥላሴ ግን ፎቶ አንሺ ብቻ አልነበሩም። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው የጉብኝት መስመር ሲታሰብ ከአሳቢዎቹ አንዱ ነበሩ። ለዓለም የሚነግሩትን ነገር አብረው ወስነውታል። የዛሬው ባለሙያ ካሜራውን ወርሷል፤ ወንበሩን ግን አላገኘም።

ተቋም ዝም ሲል የቴሌግራም ወሬ ይቀድመዋል፤ ማስተባበያውን የሚጽፈውም ያው ሳይነገረው የቆየው ባለሙያ ነው። ልምድ ያካበቱት ወደ ባንክና ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ይሄዳሉ፤ በቦታቸው አዲስ ተመራቂ ይቀጠራል።

ባለሙያዋን ምን ቢደረግልሽ ትወጃለሽ ብዬ ጠየቅኋት። አዲስ ካሜራ ወይም የደመወዝ ጭማሪ ትለኛለች ብዬ ነበር። «የሰኞ ጠዋቱ የማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ልቀመጥ» አለችኝ። «ድምፅ ባይኖረኝም ግድ የለም። ሰው ሲመጣ የምነግረው ነገር ይኑረኝ።»