«ውኃው ነው» ያሉትን እናቶች ማን ሰማቸው?

ለጋብቻ ምክር ወደ ቤታችን የሚመጡ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት የቀለበት ወርቅ ነው። ስንት ካራት ነው? ግራሙ ስንት ገባ? በቅርቡ አንዲት እጮኛ ይህንኑ እያወራችኝ ሳለ (የእኔ ቀለበት ብር መሆኑን አይታ ትንሽ አፈረች) ልቤ ወደ ሻኪሶ እናቶች ሄደ።

ውድ አንባቢያን፣ ሻኪሶ በጉጂ ዞን፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ በአቅራቢያዋ ነው። ማውጫው ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ከተዛወረ በኋላ፣ ወርቁ ለዓመታት ወደ ስዊዘርላንድ እየተላከ ይጣራ ነበር። ድንጋዩ ተፈጭቶ ወርቁ የሚለየው በሳያናይድ ነው፤ የተረፈው ዝቃጭ በግድብ ይጠራቀማል። በድንጋዩ ውስጥ እንደ አርሴኒክ ያለ መርዝ ካለም አብሮ ከመሬት ሆድ ይወጣል። ዝቃጩ በደንብ ካልተያዘ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ ደግሞ ሰው ይቀዳል፤ ከብት ይጠጣል።

ነዋሪዎቹ ለዓመታት ያሉት ግልጽ ነበር። ጽንስ ይወርዳል፤ ከብት ይሞታል፤ ሳሉ አይለቅም፤ ልጆች የአካል ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ። «ውኃው ነው» አሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በአገራችን ልጅ ጉዳት ይዞ ሲወለድ ጣት የሚቀሰረው በእናቲቱ ላይ ነው። እርግማን ነው፣ ኃጢአት ነው ይባላል። ከዓመታት በፊት አንዲት እህት እግሩ ያልጸና ሕፃን ታቅፋ ለጸሎት ስትመጣ፣ «በቤተሰባችሁ የተሰወረ ነገር አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ጌታም አልተቀበላቸውም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ይህን ክፍል ተምሬ በጥሩ ነጥብ አልፌአለሁ! እህቴ ግን የምትጠጣውን ውኃ፣ የምትኖርበትን ሰፈር እንድትነግረኝ አልጠየቅኋትም። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

የሻኪሶ እናቶችም ይህን ሁሉ ወቀሳ ተሸክመው ነው የተናገሩት። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የማውጫው ፈቃድ ለተጨማሪ 10 ዓመት ሲታደስ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በግንቦት ወር መንግሥት ፈቃዱን አገደ። ኩባንያው ጉዳቱን አላደረስኩም ብሏል። ጥናትም ተጠና። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ማውጫው እንደገና ሥራ ጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በአካባቢው አርሴኒክና ሜርኩሪን የመሰሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን፣ የጥናቶቹም ውጤት ለሕዝብ ይፋ አለመደረጉን ገልጿል።

እኔን ያመመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ሐኪም ደምሽን ወስዶ ውጤቱን ቢደብቅሽ ምን ትያለሽ? ባለሙያ መጣ፣ ውኃውን በጠርሙስ ቀዳ፣ ሄደ። እናቲቱ ግን በማግሥቱም ከዚያው ወንዝ መቅዳቷ አልቀረም፤ ሌላ ውኃ የላትምና። ሰማን ለማለት ውጤቱን ይዞ መመለስ፣ በአፋን ኦሮሞ ቁጭ ብሎ ማስረዳት፣ የታመመውን ማከም፣ ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ (ውሎ አበልም ቢኖረው) መስማት አይባልም።

«ማውጫው ቢዘጋ ሥራ አጦች ይበዛሉ» የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። እውነት አላቸው፤ ደመወዙን ለልጆቹ ጉርስ የሚያደርግ አባት እዚያም አለ። ግን ያው አባት ልጆቹን የሚያጠጣው ከየት ቀድቶ ነው?

ያችን እጮኛ ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። በሳምንቱ ከእጮኛዋ ጋር ወርቅ ቤት ገብተው፣ ወርቁ ከየት እንደ ወጣ ሻጩን ጠየቁት። ግራ ተጋብቶ አያቸውና «የዱባይ ነው» አላቸው። «ዱባይስ ከየት አመጣችው?» ብላ ብትደግምበት፣ ሰውዬው ሚዛኑን መጥረግ ጀመረ።