እውነተኛ መኪና የሚመስለው የእሽቅድምድም ጨዋታና የጋሸና ባለሱቅ

እንደሚታወቀው ጋሸና ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት በመውጣት ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፥ 64 ኪሎ ሜትር ርቀት ካለው የላሊበላ መንገድ ጋራ የሚገናኝባት የደጋ ከተማ ናት። የነጋዴዋ ኑሮ ከመንገዱ ጋራ የተያያዘ ነው። የምግብ ቤቱም፥ የሱቁም፥ የጎማ ጠጋኙም ደንበኛ ሾፌርና ረዳት፥ መንገደኛና ጎብኚ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የቪዲዮ ጨዋታ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ባለሱቅ ከእግር ኳሱ ጨዋታ ቀጥሎ የመኪናውን እሽቅድምድም ቢመርጥ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን ሲወራ የሚሰለች ሰው በጋሸና ብዙ አይገኝምና። ነገር ግን ይህ ሸቀጥ በማሸጊያው ላይ ከሚታየው ሥዕል የተለየ ጠባይ አለው። አስመጪውም ቸርቻሪውም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ጠባይ መርምሮ ቢያውቅ ከኪሣራ ይድናል።

የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለመዝናናት ብቻ የተሠራ ሲሆን፥ መኪናው ግድግዳ ሲመታ ነጥሮ ይመለሳል፥ ፍሬን ሳይያዝም መታጠፊያው ይታለፋል። ሁለተኛው የእውነተኛውን መኪና ጠባይ በሒሳብ ለማስመሰል የሚጥር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ነው። ከዚህ ወገን በሰፊው የታወቀው ግራን ቱሪዝሞ፥ ካዙኖሪ ያማውቺ በተባለ ጃፓናዊ መሪነት ለሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን ተሠርቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ለገበያ ቀረበ። እስከ 2022 ድረስ በዚህ ስም የወጡት ጨዋታዎች ሁሉ ተደምረው ከ90 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጣቸውን ኩባንያው አስታውቋል። በአሜሪካ በ2008 የተጀመረው አይሬሲንግ የእሽቅድምድም ሜዳዎችን በሌዘር ጨረር እየለካ፥ የአስፋልቱን እብጠትና ጉድጓድ ሳይቀር ይገለብጣል። የኢጣልያው ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ ደግሞ በ2014 አሴቶ ኮርሳ የተባለውን አውጥቷል።

የጨዋታው ታላቅ ብርታት ጎማውን አሳምሮ ማወቁ ነው። ጎማ መሬትን የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው፤ ያንኑ አንድ አቅም ለመቆምም፥ ለመጠምዘዝም፥ ለመፍጠንም ያካፍለዋል። ፍሬን በኃይል የረገጠ ሰው የጎማውን አቅም ለመቆም ስለ ጨረሰው፥ በዚያው ቅጽበት መሪውን ቢጠመዝዝ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ አይታጠፍም። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ ሾፌሩ በድንጋጤ መሪውን ቢያዞር የኋላው ክፍል ከመንገድ ይወጣል። ጭነት ይዞ ከድልብ ቁልቁለት የወረደ ሾፌር ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጁና ከወገቡ ያውቀዋል። በጥሩ ጨዋታ ላይ የሚያስደስተው ነገርም ይኸው ነው፤ መኪና በእጁ ይዞ የማያውቅ ወጣት ከመታጠፊያው በፊት ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነት መቀነስን፥ ከዚያም ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየለቀቀ መጠምዘዝን ማንም ሳይመክረው ይማራል።

ለዚህም የሚያገለግል መሣሪያ አለ። በገበያ ላይ የተለመደው የሎጂቴክ ጂ29 መሪ 900 ዲግሪ፥ ማለት ሁለት ዙር ተኩል ይዞራል፤ ከነዳጁና ከፍሬኑ ጋራ የፍሪሲዮን መርገጫም አለው። በውስጡ ያለው ሞተር መሪውን ወደ ተጫዋቹ እጅ መልሶ ስለሚገፋ፥ ጎማው መሬት ሲለቅ መሪው ይቀልላል፥ ጠርዝ ሲረገጥም ይንቀጠቀጣል።

ጨዋታው እውነተኛ ሾፌር እስከ ማፍራት መድረሱም በምስክር ተረጋግጧል። ኒሳንና ሶኒ በ2008 ባቋቋሙት ውድድር አማካይነት፥ የ2011 አሸናፊ እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ ከቤቱ ጨዋታ ወደ እውነተኛው ሜዳ ተሻግሮ በ2013 በሌ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ተካፍሏል። ታሪኩ በ2023 በፊልም ተሠርቷል። ሆኖም ባለሱቁ ይህን እየጠቀሰ ጨዋታውን የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት አድርጎ ቢያስተዋውቅ ደንበኛውን ያታልላል። በጨዋታው ሜዳ ላይ በድንገት የሚያቋርጥ የበግ መንጋ የለም፤ ከፊት የቆመ አህያ፥ የላስታ ጉምና ከገደሉ ተንዶ መንገድ የዘጋ ድንጋይም የለም።

ወደ እንቅፋቱ ስንመጣ፥ ለጋሸና ነጋዴ ከሁሉ የሚከብደው የኢንተርኔቱ ጉዳይ ነው። ግራን ቱሪዝሞ 7 በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2022 በዲስክ ታትሞ ተሸጠ። ዲስኩን የገዛ ሰው ጨዋታውን በእጁ የጨበጠ ይመስለዋል። ነገር ግን ብቻውን ለሚጫወት ሰው እንኳ አብዛኛው ክፍል የሚከፈተው ማሽኑ ከሠሪው ማዕከል ጋራ በመረብ ሲገናኝ ነው፤ ያለ መረብ የሚሠራው ጥቂት ነው። የተሰጠው ምክንያት ተጫዋቹ በጨዋታው ውስጥ ያከማቸው ሀብት በማታለል እንዳይበዛ መጠበቅ ነው። ጨዋታው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፥ አንድ ማሻሻያ በተላከ ጊዜ ማዕከሉ ተበላሽቶ ጨዋታው በመላው ዓለም ከ30 ሰዓት በላይ ተቋረጠ። በቶኪዮም ሆነ በለንደን ፈጣን መስመር ያለው ሰው ዲስኩን ታቅፎ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርገው አልነበረም።

በቶኪዮ 30 ሰዓት የፈጀው መቋረጥ በላስታ ወራትን ሊፈጅ ይችላል። ጋሸናና ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ አካባቢው መብራትም ስልክም አጥቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በእነዚያ ወራት በእጁ ዲስክና ማሽን የነበረው ባለሱቅ መብራት ቢኖረው እንኳ ጨዋታውን ለማከራየት ባልቻለ ነበር። ለአንድ ሰዓት ተቀብሎ በሠላሳኛው ደቂቃ መረቡ ሲቋረጥ ገንዘቡን የሚመልሰው ባለሱቁ ነው፤ ሩቅ ያለው ሠሪ ግን ዋጋውን አስቀድሞ ተቀብሏል።

ከዚህም ሌላ ችግር አለ። ሶኒ የመረብ አገልግሎቱን ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ እዚህ አገር የሚከፈት ሒሳብ የሌላ አገር ነዋሪነት ተሞልቶበት ነው፤ ይህም ከኩባንያው የውል ቃል ጋራ አይስማማም። ሒሳቡ ቢዘጋ ባለሱቁ አቤት የሚልበት ቢሮ የለውም። ማናቸውንም ሸቀጥ ያለ ዋስትና የማይገዛ ነጋዴ በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ መግዛቱ ያስገርማል።

ሦስተኛው እንቅፋት የገንዘቡ ሥርዓት ነው። በጨዋታው ውስጥ መኪና የሚገዛው ክሬዲት በሚባል ገንዘብ ሲሆን፥ ተጫዋቹ ክሬዲቱን እሽቅድምድም በማሸነፍ ያገኘዋል፤ ወይም በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛዋል። በ2022 ሁለት ሚሊዮን ክሬዲት 20 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ታዋቂ ከሆኑት ጥንታውያን መኪናዎች አንዳንዶቹ እስከ 20 ሚሊዮን ክሬዲት ይጠየቅባቸዋል። አንባቢ ቢያሰላው፥ ሊዳሰስ ለማይችል አንድ መኪና 200 ዶላር መሆኑ ነው፤ ጨዋታው ራሱ ግን ለፕሌይስቴሽን 5 የተሸጠው 70 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያም በላይ ያ ማሻሻያ የአንዳንዱን እሽቅድምድም ሽልማት ስለ ቀነሰው የተጫዋቾች ቁጣ በረታ። ያማውቺ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለተጫዋቾቹ አንድ አንድ ሚሊዮን ክሬዲት በነጻ ሰጠ፥ ሽልማቶቹም በሚቀጥለው ወር ተሻሻሉ። ደንበኛው በተቆጣ ጊዜ ዋጋ ማስተካከልን በመርካቶ ያለ ነጋዴም ያውቀዋል፤ ሆኖም የመርካቶው ነጋዴ የሸጠውን ዕቃ ከገዢው ቤት ገብቶ አይቀንስም።

ለጨዋታ ቤት ሥራ ደግሞ ይህ ሥርዓት በባሕርዩ አይመችም። የእግር ኳሱ ጨዋታ በአጭር ጊዜ ያልቃል፥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይጫወታሉ፥ ሌላው ተራውን ይጠብቃል፥ ሒሳቡም በግጥሚያ ይቆጠራል። የመኪናው ጨዋታ ግን ተጫዋቹን ከትንንሽ መኪና አስጀምሮ፥ በመንጃ ፈቃድ ፈተና እያሳለፈ ለሳምንታት የሚያስኬድ ነው። በአንድ ሒሳብ ሃያ ደንበኛ ሲጫወት፥ አንዱ ያጠራቀመውን ክሬዲት ሌላው ያጠፋዋል። በተጨማሪም የመጀመሪያው ሰዓት መራራ ነው፤ ልጁ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ከመንገድ ወጥቶ ሣር ላይ ይቀራል፥ ጓደኞቹም ይስቁበታል። ይህን የሚያልፈው ባለሱቁ አጠገቡ ቆሞ የእርዳታ መቆጣጠሪያዎቹን ሲያበራለትና ዝግተኛ መኪና ሲመርጥለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሠሪው ጨዋታውን በዘጋ ጊዜ የሚደርሰው ነው። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጨዋታ ሸጠ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 31 ቀን 2024 ማዕከሉን ሲዘጋ ግን ዲስኩን በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው ሳይቀር ከዚያ ቀን ጀምሮ መጫወት አልቻለም። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ እንዳለ ዕቃነቱ ቀረ። በዚህ የተነሣ የተጀመረው የሸማቾች እንቅስቃሴ በአውሮፓ ኅብረት ያቀረበው አቤቱታ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን ፊርማ በላይ ሰበሰበ። ኩባንያውም በ2024 ተከታዮቹ ጨዋታዎች ያለ መረብ እንዲሠሩ አደርጋለሁ ሲል ቃል ገባ። በካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ፥ እንዲህ ያለውን ሸቀጥ በመረብ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠው ባለቤትነትን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድን መሆኑን ለገዢው ግልጽ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ፍትሐዊ አሠራርም እንዳለ መካድ አይገባም፤ የግራን ቱሪዝሞ ስፖርት ማዕከል በጥር 2024 ከመዘጋቱ በፊት ሠሪው ባወጣው ማሻሻያ ብቻውን የሚጫወት ሰው ያለ መረብ እንዲቀጥል አድርጓል። መኪናዎቹም የፋብሪካዎቹን ስምና ቅርጽ በውል የያዙ ናቸው፤ ፎርዛ ሆራይዘን 4 በታኅሣሥ 2024 ከሽያጭ የወጣው ይኸው የፈቃድ ውል ጊዜው በማለቁ ነው። ስለዚህ ይህን ሸቀጥ አከማችቶ ዋጋው እስኪወጣ መጠበቅ እንደ ባቄላ አያዋጣም።

የአስመጪው ሒሳብም ከዚህ የቀለለ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ማሽኑና መሪው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የጋሸና ባለሱቅ ይህን ጭማሪ ከነማጓጓዣው ይሸከማል። በነገራችን ላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ የቤንዚን ፌራሪ ያለ ጉምሩክ ጣጣ የሚነዳው በዚህ ጨዋታ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በግዢ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊደል ወይም በአንድ ቁጥር የሚመጣ ነው። የሎጂቴክ ጂ29 ለፕሌይስቴሽንና ለኮምፒዩተር ሲሆን ጂ920 ለኤክስቦክስና ለኮምፒዩተር ነው፤ ጂ923 የሚባለው ደግሞ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል። አንዱን በሌላው ፋንታ ያስመጣ ነጋዴ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ የሚገዛው ያጣል። ፕሌይስቴሽን 5ም ዲስክ የሚቀበልና የማይቀበል አለው፤ በኋላ የሚገጠመው የዲስክ ማጫወቻም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ ሥራ መስመር ባለበት በወልድያ ወይም በደሴ ተጠናቆ ዕቃው ቢጫን ይሻላል። ከዚህ ሌላ የኤሌክትሪክ ማረጋጊያ፥ የመንገዱን አቧራ የሚከላከል ልባስና መሪው የሚታሰርበት የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ ሞተር ያለው መሪ በቀላል ጠረጴዛ ላይ ሲታሰር ጠረጴዛውን ይዞ ይሄዳል።

እንደ ጋሸና ላለ ከተማ ከሁሉ የሚሻለው በኮምፒዩተር የሚሠራው አሴቶ ኮርሳ ይመስላል። አንድ ጊዜ መስመር ባለበት ተጭኖ ከተዘጋጀ በኋላ ብቻውን የሚጫወት ሰው ያለ መረብ ይጠቀምበታል፤ መኪናዎቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ክፍት ስለሆኑ አንዱ ደንበኛ የሌላውን ሀብት አያባክንም፥ በሰዓት ለማከራየትም ይመቻል። መልኩ ከአዲሶቹ ጨዋታዎች ያነሰ ቢሆንም ስለ ጎማ ያለው እውቀት እስከ ዛሬ የሚከበር ነው። ተጠቃሚዎች በራሳቸው እጅ የሠሩትን መንገድ እንዲጨምሩበትም ይፈቅዳል፤ በዓለም ላይ ብዙ የተራራ መንገዶች በዚህ ዓይነት ተሠርተውበታል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መንገድ ከነመታጠፊያው በኮምፒዩተር የሚሥል ወጣት ቢገኝ፥ መንገደኛውም ሾፌሩም ገንዘብ ከፍሎ የሚሞክረው ይሆናል።

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ፥ ገዢው ከሻጩ ሱቅ ሳይወጣ የኢንተርኔቱን ገመድ አስነቅሎ፥ ማሽኑን አጥፍቶ እንደ ገና በማስነሣት አንድ ሙሉ ዙር ያለ መረብ ነድቶ ከተመለከተ በኋላ ገንዘቡን ይቁጠር።