ሚግ ብየዳ የተወለደው እዚሁ ኮሎምበስ ነው

ኖርዝላንድ (ኦሃዮ)፦ ከመጋዘንና ከታክሲ ሥራ ወጥቶ ብየዳ ለመማር የሚያስብ ወገን ብዙ ነው። ሚግ የተባለው ብየዳ በ1948 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ከተማችን፣ ባቴል በተባለው የምርምር ተቋም ነው።

አገር ቤት በኤሌክትሮድ የበየደ ሰው ፈጥኖ ይለምደዋል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ሚግ ላዩ አምሮ ውስጡ ያልተዋሃደ ብየዳ ያወጣል፤ በቅጥር ፈተና ቁራጩ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሥራውም ይቀራል።

ቮልቴጅ የብየዳውን ስፋት ይወስናል፤ አምፔሩን የሚወስነው የሽቦው ፍጥነት ነው። ለ3 ሚሊ ሜትር ብረት 125 አምፔር ገደማ መነሻ ይሆናል። ከዚያ በጣም ካነሰ ብረቱ ሳይቀልጥ ሽቦው ላዩ ላይ ይከመራል፤ ከበዛ ይበሳዋል። ልኩን ጆሮ ያውቀዋል፦ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ሳያቋርጥ ይንጫጫል።

ለተራ ብረት 75 በመቶ አርገን፣ 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተለመደ ነው። የጋራዡን በር ከፍተው ሲበይዱ ግን ነፋስ ጋዙን ይወስደዋል፤ ብየዳውም እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። እንጀራ ላይ ያምራል፣ ብረት ላይ ግን አያድርስ!

ሽቦው ከመዳቡ ጫፍ ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙ አይለፍ። ዝገቱና ቀለሙም አስቀድሞ በግራይንደር ይነሳ።