ኦዞንን ያሳሳው የባሕር ዛፍ ጭስ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ አውስትራሊያን የለበለበው ሰደድ እሳት ከ24 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት አዳርሷል። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ የነደደው ደን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከዚያው አህጉር መጥቶ የአዲስ አበባን ዙሪያ የሸፈነው ዛፍ መሆኑ ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው እሳት ሲነካው እንዴት እንደሚንቦገቦግ ማገዶ የለቀመ ሰው ያውቀዋል። እሳቱ የኋላ ኋላ ጠፋ። ጭሱ ግን ገና አየር ላይ ነበር፤ ሥራውንም አልጨረሰም።

ከምድጃም ሆነ ከማሳ ቃጠሎ የሚወጣ ጭስ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው። ደመናና ዝናብ ባለበት በታችኛው አየር ውስጥ ስለሚቀር በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ታጥቦ ይወርዳል። እስኪወርድ ድረስ ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሳንባን ከመጉዳቱም በላይ፣ አብረውት የሚወጡት የናይትሮጂን ጋዞችና የሚተኑ የካርቦን ውህዶች ፀሐይ ሲያገኛቸው እዚሁ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦዞን ይፈጠራል። ኦዞን ከላይ ሲሆን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ይጠብቀናል፤ አፍንጫችን ሥር ሲሆን ያሳምመናል። የአውስትራሊያው ጭስ ነገሩን በሁለቱም በኩል አበላሸው፦ ኦዞንን በማይፈለግበት የሚጨምረው ጭስ፣ በሚፈለግበት ደግሞ ቀነሰው።

ጭሱ እዚያ ላይ እንዴት ደረሰ? እሳቱ እጅግ ሲበረታ ሙቀቱ ራሱ የነጎድጓድ ደመና ይፈጥራል። ይህ ደመና ጭሱን እየጎተተ ዝናብ ከሚዘንብበት የአየር ክፍል በላይ፣ ስትራቶስፌር ወደሚባለው ንብርብር ይተፋዋል። በ2019 ማብቂያና በ2020 የመጀመሪያ ቀናት በዚህ መንገድ የወጣው ጭስ ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። ከዚያ በኋላ እሳት እንኳን አላስፈለገውም። በጭሱ ውስጥ ያለው ጥቀርሻ ጥቁር ስለሆነ የፀሐይን ሙቀት ይስባል፤ በዙሪያው ያለው አየር ሲሞቅ ይቀላል፣ ሲቀል ይወጣል። 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ የጭስ አዙሪት ለሦስት ወር ገደማ ሳይበተን ቆይቶ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ ወጥቷል። እዚያ የሚያጥበው ዝናብ የለም።

ጭሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ችግሩ እላይ ቀድሞ የተቀመጠው ክሎሪን ነው። የሰው ልጅ ለማቀዝቀዣና ለሽቶ መርጫ ቆርቆሮ ሲጠቀምባቸው የነበሩት ሲኤፍሲ የተባሉ ጋዞች ወደ ስትራቶስፌር ወጥተው ክሎሪናቸውን ለቅቀዋል። የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ምርታቸውን ቢያስቆምም አየር ላይ ከ50 እስከ 100 ዓመት ይቆያሉ። ክሎሪኑ አብዛኛውን ጊዜ ሃይድሮጂን ክሎራይድና ክሎሪን ናይትሬት በተባሉ ሁለት ውህዶች ውስጥ ታስሮ ስለሚኖር ኦዞንን አይነካም። ሁለቱ ውህዶች በጋዝነታቸው ቢገናኙም እርስ በርስ ለመዋሐድ ዳተኞች ናቸው። የሚያገናኛቸው ገጽ ይፈልጋሉ።

በአንታርክቲካ ይህን ገጽ የሚሰጠው ደመና ነው፤ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ብቻ የሚፈጠር ደመና። በ1980ዎቹ ይህን ማብራሪያ ካቀረቡት አንዷ አሜሪካዊቷ ኬሚስት ሱዛን ሰሎሞን ናቸው። በ2023 ደግሞ እኚሁ ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ተመሳሳይ ነገር በጭስ ቅንጣት ላይ እንደሚሆን አሳዩ። ፍንጩ የመጣው ከሳተላይት ነበር፤ ከእሳቱ በኋላ ከአንታርክቲካ ርቆ፣ ለዚያ ዓይነት ደመና አየሩ በማይበርድበት ኬክሮስ፣ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ባልተጠበቀ ሁኔታ ቀነሰ።

የት ገባ ቢባል፣ መልሱ ቅንጣቷ ውስጥ ነው። ከእንጨት ቃጠሎ የሚወጣ ቅንጣት ጥቀርሻ ብቻ አይደለም፤ ከዛፉ የመጡ ኦርጋኒክ አሲዶች ለብሷል። ስትራቶስፌር ውስጥ በተለመደው የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ውስጥ ሃይድሮጂን ክሎራይድ በደንብ የሚሟሟው እጅግ ሲቀዘቅዝ ነው። በእነዚህ ኦርጋኒክ አሲዶች ውስጥ ግን ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አካባቢም ይሟሟል። ከዚያ ክሎሪን ናይትሬት መጥቶ ቅንጣቷን ሲነካ ሁለቱ ይዋሐዳሉ፤ የክሎሪን ጋዝ ተለቅቆ ይወጣል። ቅንጣቷ እንደ ደላላ ናት፤ ሁለቱን አገናኝታ ሌሎችን ታገናኛለች። የፀሐይ ብርሃን የክሎሪኑን ጋዝ ሲሰነጥቀው አንዱ የክሎሪን አቶም ከኦዞን ላይ አንድ ኦክሲጅን ይነጥቃል፣ መልሶ ይጥላል፣ ሌላ ኦዞን ይይዛል። እንደገና እስኪታሰር ድረስ በሺዎች የሚቆጠር ኦዞን ያፈርሳል።

መታሰሩ ራሱ ደግሞ በዚሁ ጭስ ይዘገያል። ክሎሪንን ወደ ክሎሪን ናይትሬት መልሶ የሚያስረው ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የጭሱ ቅንጣቶች ግን የናይትሮጂን ውህዶችን ወደ ናይትሪክ አሲድ ስለሚቀይሩ አሳሪው ያንሳል።

የሰሎሞን ቡድን ስሌት እንደሚያሳየው በ2020 በደቡቡ ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮስ ኦዞን ከ3 እስከ 5 በመቶ ቀንሷል። የአንታርክቲካው የኦዞን ቀዳዳም በዓመቱ መጨረሻ በ2.5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሰፍቷል። ቅነሳው ያረፈባቸው ቦታዎች አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ፣ የደቡብ አሜሪካና የአፍሪካ ደቡባዊ ክፍሎች ናቸው፤ ኢትዮጵያ ከዚህ ክልል ውጭ ናት።

በ2017 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተነሣ እሳትም ወደ ስትራቶስፌር ጭስ ልኮ ነበር፤ መጠኑ ግን የአውስትራሊያው ሲሶ ገደማ ነበር። ከአንድ ጊዜ ክስተት ይልቅ የሚያሳስበው ድግግሞሹ ነው። የአንታርክቲካ ኦዞን በ2066 አካባቢ ወደ 1980 ይዞታው እንደሚመለስ የተባበሩት መንግሥታት ግምገማ ይተነብያል። ምድር እየሞቀች ታላላቅ እሳቶች ከተደጋገሙ ቀኑ ሊገፋ ይችላል። በሌላ በኩል የሲኤፍሲ ክሎሪን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፤ ያው ጭስ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቢወጣ የሚያገኘው ክሎሪን ከዛሬው ያነሰ ስለሚሆን የሚያፈርሰውም ኦዞን ያንሳል። እስከዚያ ያሉት አሥርት ዓመታት ግን እሳቱም የሚበዛባቸው፣ ክሎሪኑም ገና ያልጠፋባቸው ናቸው።