የቅኔ መምህር ለማስመጣት ላሰበ ደብር

ሰበካ ጉባኤያችሁ «የቅኔ መምህር እናስመጣ» ብሎ ከሆነ መቼም መጀመሪያ የሚነሣው የቤት ነገር ነው። ስንት ቅጠል ቆርቆሮ ይፈጃል? ግድግዳው በጭቃ ይሁን ወይስ በብሎኬት? ቤቱ ይቆይ። ጉባኤ በዛፍ ጥላ ሥርም ይውላል። ጉባኤን የሚያቆመው የመምህሩ ኑሮና የተማሪው እህል ነውና ስሌታችሁን ከዚያ ጀምሩ።

ለመሆኑ ቅኔ ቤት ከሌላው የአብነት ትምህርት በምን ይለያል? በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይወጣል። ዜማ ቤት የሚገባው ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን ያጠናል። ቅኔ ቤት ግን ያለቀለት መጽሐፍ የሚጠናበት አይደለም። ተማሪው በግእዝ የራሱን አዲስ ድርሰት ይዞ ይቀርባል፤ የትናንቱ ለዛሬ አያገለግልም። ከቅኔው ቀጥሎ መጻሕፍት ቤት፣ ማለትም የትርጓሜው ትምህርት ይመጣል።

ድጓ ለማስመስከር ተማሪ ደቡብ ጎንደር ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ለዝማሬ ዙር አምባ ይሄዳል። ለቅኔ ሲሆን ሰው ወደ ጎጃም ይመጣል። ከታወቁት ሦስት የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ እዚሁ ጎጃም ናቸው፤ ዋድላ በወሎ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የማንኩሳውን በዛብህን የቅኔ ሰው ያደረጉት አገሩን ስለሚያውቁት ነው። ራሳቸውም በደብረ ኤልያስና በዲማ የተማሩ ነበሩ።

መምህሩ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ? ይህን ሳታውቁ ደመወዝ አትቁረጡ። ተማሪው ከሰው ራቅ ብሎ፣ ዱር ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ እያወጣ እያወረደ ድርሰቱን ያበጃል ማለት ነው። ሲሞላለት ወደ የኔታ ይመጣል። ጀማሪ ከሆነ የሚያቀርበው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። አንዱ ግስ ላይ ሲደርስ «እስቲ መልሰው» ይሉታል። ይመልሰዋል። ግሱ ከባለቤቱ አልገጠመም፤ ወይም ለዜማው አንድ ቀለም ጎድሎታል። አንዳንዴ ሰሙ ጥሩ ሆኖ ወርቁ አይወጣም። ሰም የላዩ ነገር ነው፤ ወርቅ ውስጡ ያለው ምሥጢር። የኔታ አይጽፉም፤ ልጁም አይጽፍም። በቃል ይታረማል፤ በቃል ይዞት ይሄዳል። ከኋላው ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።

ጉባኤ ቃናን የለመደ ዘአምላኪየ ይቀጥላል፤ ያ ሦስት ቤት ነው። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ማታ ደግሞ ግስና አገባብ አለ፤ የግእዝ ሰዋስው ማለት ነው። ይህን በብዙው የሚያስኬዱት የቆዩት ተማሪዎች ናቸው። ቅኔውን ማረም ግን ለሌላ አይተውም። ሃያ ተማሪ ካለ ሃያውንም አንድ በአንድ የሚሰሙት የኔታ ናቸው። ስለዚህ መምህሩ ለዕለት ጉርሳቸው እርሻ ከወረዱ ወይም ሌላ ሥራ ከተደረበባቸው ጉባኤው ይፈታል። ብዙ ደብር መምህር አስመጥቶ በዓመቱ የሚያጣው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ድሮ የመምህሩ ኑሮ በመሬት ይሸፈን ነበር፤ ደብሩ መሬት ነበረው፣ መምህሩም ከዚያ ይቆረጥላቸዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ ሥርዓት ቀረ። አሁን ቀለቡም ደመወዙም በሰበካ ጉባኤውና በምእመኑ ላይ ነው።

ወደ ተማሪው እህል እንምጣ። ተማሪ የሚኖረው አኮፋዳ አንግቶ፣ በትር ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው ቁራሽ ነው። የተረፈውን ድንጋይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። ውሻ ይነክሰዋል። በክረምት ወንዙ ይሞላል፣ የገበሬውም ጎተራ ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ባዶ አኮፋዳ ይዞ የሚመለስበት ቀን አለ። ልመናው ትሕትና ያስተምራል ብለው እንዳይቀር የሚፈልጉ መምህራን ስላሉ አስቀድማችሁ የኔታን ጠይቁ። እኔ ግን ቢያንስ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ልመና ደብሩ ቢያስቀረው እላለሁ። የተራበ ልጅ ቅኔ አይቆጥርም።

ስንት ይበቃል? ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ድጋፍ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይሰፍራል፤ በዚያ እንሂድ። ለሃያ ተማሪ በወር 3 ኩንታል ይሆናል፤ በዓመት 36 ኩንታል። ደብራችሁ 360 አባወራ ካለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በዓመት 10 ኪሎ ነው። በአገራችን በቆሎና ዳጉሳ ስለማይጠፋ በዓይነት መሰብሰቡ ይቀላል፤ ገበያ ቢወደድም ልኩ አይለወጥም። የሦስቱን የክረምት ወራት ብቻ ከያዛችሁ 9 ኩንታል ይበቃችኋል። ለወፍጮ፣ ለጨው፣ ለበርበሬና ለሳሙና ግን ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በቆሎውን ነቀዝ እንዳይጨርሰው አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ግዙ፤ «ፒክስ» ይሉታል። አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት መርጨት አያሻም። ገቢና ወጪውን አንድ የሰበካ ጉባኤ ሰውና አንድ ከተማሪው የተመረጠ አብረው ይመዝግቡ።

ሳሙና ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ጎጆ አምስት ስድስት ሆነው የሚያድሩ ልጆችን እከክ ቶሎ ያዳርሳቸዋል። የታመመውን ብቻ ማሳከም ዋጋ የለውም፤ የጎጆው ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ፣ ልብሱና ደበሎውም ይጽዳ። ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ።

ልጁ የመንግሥት ትምህርቱን ይተው ወይ? ለንባብ ቤት ሕፃናት መተው አያስፈልግም፤ ከትምህርት ቤት መልስና ቅዳሜን መጠቀም ይቻላል። ቅኔው ግን ሙሉ ቀን ይጠይቃል። ልጁ ስንተኛ ክፍል ሲደርስ እንደሚገባ ወላጅ ከየኔታ ጋር ቁጭ ብሎ ይወስን።

ሴት ልጅስ? ትማር እንጂ። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እዚሁ ጎጃም፣ ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ለወንዶቹ ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። ለሴቶች የሚያስፈልገው የተለየ ማደሪያ ነው፤ እሱ እስኪዘጋጅ ከቤተሰብ እየተመላለሱ መማሩ ይሻላል።

ከውጭ እርዳታ ይገኛል? ማኅበረ ቅዱሳን ለአብነት ትምህርት ቤቶች የሚያደርገው ድጋፍ አለ፤ በሀገረ ስብከታችሁ በኩል ጠይቁ። እናንተ የምትችሉትን ጽፋችሁ ብትቀርቡ ይሻላል፦ መምህሩ ማን እንደሆኑ፣ ተማሪው ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል እህል እንደተሰበሰበ፣ ምን እንደጎደለ።

መምህሩን መቼ እንጥራ ካላችሁ፣ እህሉ ከአውድማ ሲነሣ፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። መጀመሪያ 10 ኪሎውን ከየቤቱ ሰብስቡ፤ የመምህሩን ጎጆ ክደኑ፤ የወር ደመወዛቸውን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ሽማግሌ የምትልኩት ከዚያ በኋላ ነው።