ሳሉ አልለቅ ያለው ልጅ፦ በደረት ውስጥ የሚበቅል እጢ እንዴት ይታወቃል? ሁሉስ በቀዶ ሕክምና ይወጣል?

ልጅ ሌሊት ሲያስል ቀድማ የምትነቃው ብዙ ጊዜ አያት ናት። «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ትላለች፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቷን ነው። በአገር ቤት ሳሉ አልለቅ ካለ እንጥል ማስቆረጥ የተለመደ ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ብዙ ስለማያጋጥም፣ ሲያጋጥም ግን ጊዜ ስለማይሰጥ ሳል ነው፤ በልጁ ደረት ውስጥ እጢ በቅሎ የአየር ቧንቧውን ሲጫን ስለሚመጣው።

ሕመሙ አስም ይመስላል። ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ የሚሳብ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ግን አይሻለውም። በዚህ ላይ ልጁ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ሌሊት ልብሱ እስኪርስ ካላበው፣ አንዱ የዐይን ቆቡ ከወረደ ወይም እግሩ ከደከመ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩት። ፊቱና አንገቱ ካበጠ ወይም በጀርባው መተኛት ካቃተው በዚያው ቀን ወደ ሚዩን ይሂድ። ትንፋሽ ካጠረው 101 ደውሉ።

ምርመራው በራጅ ይጀምራል። በሕፃናት ከደረት አጥንት ሥር ያለው ጤነኛ ዕጢ በተፈጥሮው ትልቅ ስለሆነ በራጁ ላይ ጥላ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ጥላ ታየ ማለት በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም። ሲቲ ወይም ኤም አር አይ እጢው የት እንዳለ ያሳያል። ቦታውም ዓይነቱን ይጠቁማል። ከፊት ያለው ሊምፎማ ወይም ቴራቶማ ሊሆን ይችላል። ከኋላ፣ ከአከርካሪ አጠገብ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከነርቭ የሚነሣ ነው። ከእነዚህ አንዱ ኒውሮብላስቶማ ሲሆን በይበልጥ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ይይዛል፤ የሽንት ምርመራም ያጋልጠዋል። በመጨረሻ ከእጢው ናሙና ይወሰዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይቆጣል፦ «ለምን ቶሎ አይቀዱትም?» ይላል። ምክንያት አለው። እጢው ከፊት ሲሆን ልጁ ተጋድሞ በማደንዘዣ ሲተኛ ጡንቻው ይላላል፣ እጢውም የአየር ቧንቧውን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ አንዳንዴ ልጁን ሙሉ በሙሉ ሳያስተኙ ከአንገቱ ናሙና ይወስዳሉ። ይህ መዘግየት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ሁሉም እጢ አይቀደድም። የሊምፎማ ዋናው ሕክምና መድኃኒት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ለናሙና ብቻ ነው። ኒውሮብላስቶማ አንዳንዴ በመድኃኒት ከተቀነሰ በኋላ ይወጣል። አብሮ የተወለደ፣ ውኃ የቋጠረ እጢ ደግሞ ካንሰር ሳይሆን በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሐኪሙ በጎድን አጥንቶች መካከል ይከፍታል፣ ወይም በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ ይሠራል። ከዚያ በደረቱ ላይ ቱቦ ሊቀር ይችላል፤ አየርና ፈሳሽ ለማስወጣት ነውና አትደንግጡ። ልጁ እንዲቀመጥና በረጅሙ እንዲተነፍስ አበረታቱት።

አንድ ነገር አደራ። ለቀዶ ሕክምና የሚፈርሙት ወላጆች ናቸው፣ የሚመክሩት ግን እናንተ ሽማግሌዎች ናችሁ። ዕብራይስጡ ካልገባችሁ ታላቅ ወንድሙን ወይም እህቱን አታስተርጉሙ፤ ለልጅ የማይሸከመው ሸክም ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ። ከዚያም ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እጢው ምንድን ነው? መጀመሪያ መድኃኒት ነው ወይስ ቀዶ ሕክምና? ልጁ እንዴት ይተኛል፣ እንዴትስ ይነቃል? መልሱ እስኪገባችሁ ድረስ ደግማችሁ መጠየቅ ነውር የለውም።