ወርድ ሳይጠየቅ ኢንተርኔት የሚፈልገው ለምንድን ነው?

ደብዳቤ ለመጻፍ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሆኖም ኮምፒውተሩን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ያገናኘ ሰው ወርድን ከፍቶ አንድ ገጽ ሳይጨርስ የዳታ ፓኬጁ ሲጎድል ያያል። ፋየርዎል የጫነ ደግሞ «ይህ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ይፈልጋል፤ ይፈቀድለት?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። አንዳንዱ ቫይረስ ገባብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ ብዙው ሳያነብ «እሺ» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ግን በድንጋጤም በቸልተኝነትም የሚታለፍ አይደለም፤ ከግንኙነቱ የሚጠቀመው አንዳንዴ ተጠቃሚው፣ አንዳንዴ አምራቹ፣ አንዳንዴም ፋይሉን የላከው ሰው ነውና።

ቀላሉን እናስቀድም። ወርድን የያዘውና በወር ወይም በዓመት ክፍያ የሚሠራው ማይክሮሶፍት 365 ክፍያው መቀጠሉን ለማረጋገጥ ቢያንስ በየ30 ቀኑ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ ሰነድ ማንበብና ማተም ይቻላል፤ መጻፍና ማረም ግን ይከለከላል። ኔትወርክ ወደሌለበት ቦታ ለረጅም የመስክ ሥራ የሚወጣ ሰው ከመነሣቱ በፊት ፕሮግራሙን ኢንተርኔት ባለበት ቢከፍተው ከዚህ ችግር ይድናል። አንዴ ተከፍሎበት የሚገዛው ኦፊስ ይህ ግዴታ የለበትም።

ብዙ ዳታ የሚበላው አፕዴት ነው። ማይክሮሶፍት የደኅንነት አፕዴቶቹን የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ሲሆን፣ ኦፊስም አዲሱን ከበስተጀርባ እያወረደ ይጭናል። ሰነዱ የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ በሆነው ዋንድራይቭ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ወርድ ለውጦቹን በራሱ እየጫነ ያስቀምጣል፤ ይህም ከዚያው ፓኬጅ ነው የሚቆረጠው። የትኛው ፕሮግራም እየተገናኘ እንደሆነ በዓይን ማየት ይቻላል፦ ዊንዶውስ ውስጥ «ሪሶርስ ሞኒተር»ን ከፍተው «ኔትወርክ» የሚለውን ቢጫኑ የእያንዳንዱ ፕሮግራም ስም፣ የሚልከውና የሚቀበለው መጠን በየሰኮንዱ ይታያል። «ዊንወርድ» ወርድ ራሱ ነው፤ «ኦፊስ ክሊክ ቱ ራን» የሚለው አፕዴት የሚያመጣው ነው። ፕሮግራሙ የተገናኘበት አድራሻ 127.0.0.1 ከሆነ ግን ሐሳብ አይግባዎት። ያ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው፤ የፕሮግራሙ ክፍሎች እርስ በርስ እየተነጋገሩ ነው እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር የለም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላው የግንኙነት ምክንያት ሰነዱ ራሱ ነው። የወርድ ፋይል አንድ ወጥ ነገር ይመስላል እንጂ በውስጡ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን የያዘ የታመቀ ጥቅል ነው። ከአንድ የወርድ ፋይል ኮፒ ወስደው በስሙ መጨረሻ ያለውን «ዶክኤክስ» በ«ዚፕ» ቢተኩትና ቢከፍቱት፣ «ወርድ» የሚል ፎልደር፣ በውስጡም «ሬልስ» የሚባል ሌላ ፎልደር ያገኛሉ። እዚያ ያሉት ፋይሎች ሰነዱ ከምን ከምን ጋር እንደተያያዘ ይዘረዝራሉ፤ አንዳንዶቹ መስመሮች «ኤክስተርናል» የሚል ምልክትና የድረ ገጽ አድራሻ አላቸው። ተራ ሊንክ ከሆነ አንባቢው እስኪጫነው ይጠብቃል። ከሩቅ የሚመጣ ሥዕል፣ ቴምፕሌት ወይም ሌላ ነገር ከሆነ ግን ወርድ ሰነዱ ሲከፈት ሄዶ ሊያመጣው ይሞክራል። በዚያች ቅጽበት የሰርቨሩ ባለቤት ሰነዱ መቼና ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደተከፈተ ያውቃል።

ጉዳቱ በዚህ ላያበቃም ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. «ፎሊና» የሚል ስም የተሰጠው ጥቃት የተፈጸመው በዚሁ በር ነው። የተላከው የወርድ ፋይል ከሩቅ ሰርቨር አንድ ገጽ ይጠራል፤ ገጹም የዊንዶውስን የችግር መመርመሪያ መሣሪያ ተጠቅሞ የአጥቂውን ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ያስፈጽማል። ማክሮ የሚባለው በሰነድ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም እንኳ አላስፈለገውም። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የዘጋው በዚያው ዓመት በሰኔ በለቀቀው አፕዴት ነው። ከኢሜይል የወረደ ሰነድ ሲከፈት ከላይ የሚታየው ቢጫ መስመር እንዲህ ያለውን አደጋ ለመከላከል የተበጀ ነው፤ «ኢነብል ኤዲቲንግ» እስኪባል ድረስ ወርድ እነዚህን የሩቅ ነገሮች አያመጣም። ላኪውን ሳያውቁ ያንን ቁልፍ መጫን በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው።

ብዙ ያከራከረው ግን አምራቹ ስለ ተጠቃሚው የሚሰበስበው መረጃ ነው። የኔዘርላንድስ የፍትሕና የጸጥታ ሚኒስቴር ወደ 300,000 በሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚሠራው ኦፊስ ጥናት አስጠንቶ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ውጤት እንዳመለከተው ፕሮግራሙ ከ23,000 እስከ 25,000 ዓይነት ክንውኖችን እየመዘገበ ወደ አሜሪካ ይልክ ነበር። የኢሜይል ርዕሶች፣ እንዲሁም በሆሄ ማረሚያውና በትርጉም መሣሪያው ያለፉ ዓረፍተ ነገሮች ከሚላከው መካከል ተገኝተዋል። ተጠቃሚዎቹ ይህን አያውቁም፤ ማጥፊያም አልነበራቸውም። ሚኒስቴሩ ከኩባንያው ጋር ተደራደረ፤ በ2019ም ማይክሮሶፍት የሚላከውን መረጃ የሚቆጣጠሩ አዳዲስ ማስተካከያዎችን አወጣ። ዛሬ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚያገኘው ምርጫ በከፊል የዚያ ግፊት ፍሬ ነው፤ ጠያቂ ባይኖር ኖሮ በራሱ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም።

ምርጫው ያለው ወርድ ውስጥ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «አካውንት»፣ ከዚያ «አካውንት ፕራይቬሲ» በሚለው ስር ነው። «ኦፕሽናል» የተባለውን የምርመራ መረጃ ማጥፋት ሥራዎን አይነካም። የሚጽፉትን ይዘት የሚመረምሩ አገልግሎቶች የሚለው ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት፤ ትርጉሙ፣ በድምፅ መጻፉና የስላይድ ማስዋቢያው የሚሠሩት ጽሑፍዎን ወይም ድምፅዎን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ልከው ነው። የታካሚ ካርድ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ወይም የሠራተኛ ደመወዝ የሚጽፍ ሰው ይህን ቢዘጋው እመክራለሁ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ውሳኔው የአይቲ ክፍሉ ስለሆነ እሱን ይጠይቁ።

ነጻው ሊብሬኦፊስ የክፍያ ማረጋገጫ የለውም። እሱም ቢሆን አዲስ ቅጂ መውጣቱን ለማየት በየጊዜው ይገናኛል፤ የእገዛው ክፍል ለብቻው ካልተጫነም «ሄልፕ» ሲጫኑ ወደ ኢንተርኔት ይወስዳል።

ዳታ ለመቆጠብ የሆትስፖቱን ግንኙነት ዊንዶውስ ውስጥ «ሚተርድ» ብለው ይመዝግቡት፤ ዋንድራይቭ ፋይል ማመላለሱን ያቆማል። አፕዴትን ግን ጨርሰው አይዝጉት። ዋይፋይ ባገኙበት ቀን፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ እንዲወርድ ይፍቀዱለት።